ባልዲውን የሚመለከት ውሳኔ

ዝናብ ያለ ዕቅድ ይዘንባል፤ ልጅ ያለ ዕቅድ ይወለዳል፤ ሰውም ያለ ዕቅድ ይሞታል። ይህ ከጥንት ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ የአሠራር ክፍተት ነው። የሰፈራችን ታላላቅ ሰዎች ግን ክፍተት አይተው ዝም የሚሉ አልነበሩም። እህቴ በሞተች በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ሊደርሱ በመጡበት፣ እኔው በሠራኋቸው ወንበሮች ላይ እንደተቀመጡ፣ የጀመረችውን ሥራ በዕቅድ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋሙ። እኔ ያን ሰዓት ጓዳ ገብቼ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ስወጣ ተቋቁሟል። አንዱ እጄን ጨብጦ «እግዜር ያጽናህ» አለኝ፤ ሌላው ተቀብሎ ጨበጠኝና «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ።

ሥራዋ ምን እንደነበር ልናገር። እህቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቅዳሜ ሲሆን የስፌት መኪናዋን ትከድንና ከገበያው ጀርባ ያለውን አሮጌ አዳራሽ ከፍታ የሰፈሩን ሴት ልጆች ትሰበስባለች። የልጃገረዶች ክበብ ይባላል። ሃያ ሦስት ነበሩ፤ ትንሿ አሥር ዓመቷ ነው። አምፖል መቀየር፣ የሚደማ ቁስል ማሰር፣ ሰው ፊት ቆሞ ጮክ ብሎ ማንበብ ታስተምራቸዋለች። ከሁሉም በላይ ግን ብስክሌት ነበር። ብስክሌቱ አንድ ነው፤ ቀይ፣ አሮጌ፣ ደወሉ የማይሠራ። እህቴ መቀመጫውን ከኋላ ይዛ «ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ» እያለች ከልጅቷ ጋር ትሮጣለች። የሆነ ቦታ ስትደርስ እጇ ይለቃል፤ አፏ ግን አይለቅም። መሐል መንገድ ላይ ቆማ፣ እያለከለከች፣ «ይዤሻለሁ!» ትላለች። ልጅቷ ብቻዋን መንዳቷን የምታውቀው ዞር ስትል ነው። እህቴ በሕይወቷ ስትዋሽ ያየኋት ይህን ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ጊዜ ዋሸች።

ሃያ ሦስተኛዋ ችኩሊት ነበረች። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን በር ሳይከፈት ስለምትገባ፣ ጥያቄ ሳያልቅ ስለምትመልስ፣ ሻይ ሳይበርድ ስለምትጠጣ ችኩሊት ተባለች። እህቴ ተራ ስታወጣ ሆን ብላ መጨረሻ ላይ አደረገቻት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለቻት። «መጀመሪያ ሌሎቹ ሲወድቁ ቁጭ ብለሽ እይ።» ችኩሊት ሌሎቹ ሲወድቁ አንድ ዓመት ሙሉ አየች። ተራዋ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ በዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት፣ እህቴ ሞተች።

በክበቡ ደንብ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ የምስጋና ወረቀት ተቀብላ ትሰናበታለች። ችኩሊት አሥራ አምስት የሚሞላት በአዲሱ ዓመት የመጨረሻ ወር መጀመሪያ ላይ ነበር። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ጊዜ ነበራት ማለት ነው። ብስክሌት ለመልመድ አንድ ከሰዓት ይበቃል። ኮሚቴ ባይኖር።

ሊቀ መንበሩ ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ናቸው። በእሳቸው ዘመን ባቡር በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም፤ የሰዓት ሰሌዳው ግን አንድም ቀን ሳይወለወል አላደረም። ሁለተኛዋ የመድኃኒት መደብር ባለቤት ናቸው። በስብሰባ ላይ የሚናገሩት «ይያዝልኝ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው ማለት ስለሚቻል ሰፈሩ በሙሉ ወይዘሮ ይያዝልኝ ይላቸዋል። ሦስተኛው የሊቀ መንበሩ የእህት ልጅ ነው፤ ዕቅድ የተማረ። ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ይመጣል። ምንም ብትነግሩት «አመላካቹ ምንድን ነው?» ይላችኋል። እናቴ ታማለች ብትሉትም ይጠይቃል። ልጆቹ አመላካች ብለው ስም አወጡለት፤ እሱም ሹመት መስሎት ደስ አለው።

የመጀመሪያው ውሳኔ ሲጸድቅ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ያለ ዕቅድ የሚደረግ እንቅስቃሴ ሁሉ ለጊዜው እንዲቆም፣ ብስክሌቱም ለክብሩ ሲባል ከአዳራሹ ጋር በተያያዘችው ዕቃ ቤት እንዲቀመጥ ተወሰነ። የዕቃ ቤቱ በር ላይ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠለጠለ፤ ለእያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ቁልፍ። ሦስቱም ካልተገኙ በሩ አይከፈትም። ሦስቱም የሚገኙት ደግሞ ሊሰበሰቡ እንጂ በር ሊከፍቱ አይደለም።

«እስከ መቼ ነው?» አለች ችኩሊት።

«ዕቅዱ እስኪጸድቅ።»

«መቼ ይጸድቃል?»

ሊቀ መንበሩ አባታዊ በሆነ ዓይን አዩዋት። «ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«እኔ ቀበቶ አልጠየቅኩም፤ ብስክሌት ነው።»

«ይያዝልኝ» አሉ ወይዘሮ ይያዝልኝ። ቀበቶው ይሁን ብስክሌቱ አልገለጹም።

ከዚያ ወዲያ ሃያ ሦስቱ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ ጀመር። መቀመጥ እንቅስቃሴ ስላልሆነ አልተከለከለም። ኮሚቴው ፊት ለፊታቸው ጠረጴዛ ዘርግቶ ይሰበሰባል። እኔም የአዳራሹን መስኮት ጠግን ስለተባልኩ ጥግ ላይ ሚስማር እመታለሁ፤ የመዶሻው ድምፅ ንግግር እንዳይረብሽ ደግሞ ጭብጨባ እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው የምመታው። መስኮቱ በሁለት ወር አለቀ።

ዕቅዱ ግን አልተጀመረም፤ መነሻ ሰነድ የለውም። «መነሻ የሌለው መድረሻ የለውም» አሉ የባቡሩ ሰው። መነሻ ኖሮትም መድረሻ ያጣ ባቡር እሳቸው ጣቢያ ስንት ጊዜ እንደታየ ማንም አላነሳባቸውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አናጢው ወንድማችን፣ እህታችን ጽፋ የተወችው ነገር የለም?»

ይህን ጊዜ የለም ብል ይበቃ ነበር። ችኩሊት ግን ከአግዳሚው ላይ በዓይኗ ትለምነኛለች። ሰነድ ቢያገኙ ቶሎ ይጨርሳሉ ብዬ አሰብኩ። ሃምሳ ሁለት ዓመት በዚህች ምድር ላይ ኖሬ ይህን አሰብኩ። ቤት ሄድኩና ከወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለፈውን ዓመት የቀን መቁጠሪያ አውርጄ አመጣሁላቸው።

እህቴ ማስታወሻ ደብተር አልነበራትም። በየዓመቱ ትልቅ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ትገዛና በየቀኑ ሳጥን ውስጥ በእርሳስ ትጽፋለች። የክበቡንም፣ የደንበኞቿን የወገብ ልክም፣ የሆዷንም እዚያው ነው። አብረን ስለምንኖር ስታኮርፈኝ ምክንያቱን የማገኘው ከዚያ ነበር፤ ጠዋት ገብቼ አነባለሁ፣ ጥፋቴን አውቄ እወጣለሁ።

ኮሚቴው ሰነዱን ቆሞ ተቀበለ። ወይዘሮ ይያዝልኝ ከመደብራቸው የላስቲክ ጓንት አምጥተው ለሁሉም አደሉ። ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከዚህ ሰነድ አንዲት ፊደል አትቀነስም፤ አንዲት ፊደል አትጨመርም። አምና በየትኛው ቀን የተሠራ፣ ዘንድሮም በዚያው ቀን ይሠራል። አንብብ።»

አመላካች አነበበ። «የመጀመሪያው ወር፣ ሁለተኛው ቅዳሜ፤ አምፖል መቀየር።»

«ጸድቋል።»

«ማክሰኞ፤ ጥርሴን ላስነቅል፣ የታችኛውን።»

«እሱ እንኳ የግሏ ነው» አልኩ።

«ታላቅ ሰው ግል የለውም» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ዒላማው ስንት ይሁን?» አለ አመላካች። «ሃያ ሦስት ልጅ፤ በነፍስ ወከፍ አንድ ጥርስ?»

«የታችኛው» አሉ ወይዘሮ ይያዝልኝ። «ይያዝልኝ።»

አግዳሚው ላይ ሃያ ሦስት አፍ በአንድ ጊዜ ተዘጋ።

እንዲህ እየተባለ ወራት ተገለጡ። «ለወንድሜ ካልሲ» የሚለው ሃያ ሦስት ጥንድ ካልሲ ሆነ። «ወፍራሟ ሴትዮ ቀሚሷ አልበቃትም፣ እኔን ነው የምትቆጣው» የሚለው ላይ ብዙ ክርክር ተደረገ፤ በመጨረሻ አንዲት ወፍራም ሴት ፈልጎ የሚያመጣ ንዑስ ኮሚቴ ይሰየም ተባለ። አመላካች ሦስተኛው ሩብ ዓመት፣ የዝናቡ ወራት ላይ ደረሰ።

«ተግባር 3.3። ቅዳሜ፤ ዕቃ ቤት፣ ከሚያፈሰው ስር ባልዲ።»

«ጸድቋል።»

«ተግባር 3.4። እሁድ...» አለና ቀና ብሎ አየኝ። «ከወንድሜ ጋር አልነጋገርም።»

ያን እሁድ አልረሳውም። የዕቃ ቤቱን ጣሪያ ጠግንልኝ ብላኝ፣ ነገ፣ ነገ እያልኩ ሁለት ወር አሳልፌ ነበር። ለሰው ሁሉ በር የምሠራ ሰው ለእህቴ አንድ ቆርቆሮ መምታት አቃተኝ። እሁድ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ሰኞ ጠዋት ሳጥኑን አነበብኩ፤ መሰላሌን ይዤ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጣሪያው ጠብታ አላሳለፈም። ይህን ሁሉ ለኮሚቴው ልነግር አፌን ስከፍት ሊቀ መንበሩ እጃቸውን አነሱ።

«ጥልቅ ሐሳብ ነው» አሉ። «ከወንድም ጋር አለመነጋገር። ልጆቹ በየቤታቸው ይፈጽማሉ።»

«ወንድም የሌላትስ?» አለች ችኩሊት።

«ከጎረቤት ትዋስ።»

«ተውሼ ምን ላደርገው?»

«ላታናግሪው።»

«አሁንም እኮ የጎረቤቱን ልጅ አላናግረውም።»

«አየህ?» አሉ ሊቀ መንበሩ ወደ እህታቸው ልጅ ዞረው። «ገና ሳይታቀድ ውጤት አለ።»

የመጨረሻው ወር የመጨረሻው ቅዳሜ ላይ ሲደርሱ አመላካች ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሳጥኖች ባዶ ናቸው።

«ችኩሊት። ብቻዋን።»

ይኸው ነበር የተጻፈው። ችኩሊት ከአግዳሚው ተነሳች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተራዋ በጽሑፍ እንደሰፈረ አታውቅም ነበር። ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ በጣቷ ትቆጥር ጀመር።

«የመጨረሻው ወር የመጨረሻው ቅዳሜ ማለት... እኔ እኮ ያኔ አሥራ አምስት ሞልቶኝ፣ ወረቀት ተሰጥቶኝ ወጥቻለሁ!»

«ደንቡ እንደዚያ ይላል» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ታዲያ ቀኑን ቀደም አድርጉልኛ! አንድ ከሰዓት ነው!»

«የሟች ቃል አይገፋም፣ ልጄ።»

«በሌለሁበት እንዴት ነው የምነዳው?»

ይህ ከባድ ጥያቄ ነበር። አመላካች ላፕቶፑን ጥቂት ነካካና ቀና አለ። «አመላካቹ የብስክሌቱ መንቀሳቀስ ነው፤ የነጂዋ መኖር አይደለም። በሌለችበት ሊፈጸም ይችላል።»

«በሌለችበት ይፈጸም» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ይያዝልኝ።»

ችኩሊት አላለቀሰችም። ተመልሳ ተቀመጠች፤ በዚያ ቀን ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ያቺ ልጅ ዝም ስትል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ለቅሶው ቀን እንኳ ዝም አላለችም ነበር።

ዕቅዱ በሰባተኛው ወር ጸደቀ። በወፍራም ሽፋን ተጠረዘ። ያለፉት ስድስት ወራት ተግባራት «በዝግጅት ምዕራፍ እንደተፈጸሙ ይቆጠራሉ» ስለተባለ ሃያ ሦስት ጥርስ በዚህ ዳነ። ወፍራም ሴትም አልተገኘችም፤ የተጠየቁት ሁሉ ንዑስ ኮሚቴውን ከደጃቸው አባረሩ። በጸደቀበት ዕለት ሊቀ መንበሩ ረጅም ንግግር አደረጉ። «ዕቅድ ማለት ገና ያልመጣ ባቡር የሚታይበት መስኮት ነው» ሲሉ ጭብጨባ ሆነ። ከመስኮቱ ቀጥሎ ጠግን በተባልኩት ጠረጴዛ ላይ የቀረችኝን ሚስማር ያን ጊዜ መታሁ።

ዝናቡ መጣ፤ ተግባር 3.3ም ደረሰ። ሦስቱ አባላት በአንድ ላይ ሄደው ሦስቱን ጓጉንቸር ከፈቱ፣ ባልዲውን በክብር ዕቃ ቤቱ መሐል አኖሩ፣ መልሰው ቆለፉ። ችኩሊት በሩ ተከፍቶ በነበረበት ግማሽ ደቂቃ አንገቷን አስግጋ ብስክሌቱን አየችው፤ ግድግዳ ተደግፎ፣ አቧራ ለብሶ፣ የኋላ ጎማው ተንፍሶ። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። በማግስቱ ሦስቱም ቁልፎች መጡና አመላካች ባልዲውን ሊለካ ገባ። ባልዲው እንደ አጥንት ደርቋል።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

«ዜሮ በመቶ» አለ አመላካች። «በታሪኬ ዜሮ በመቶ አይቼ አላውቅም።»

«ሰማዩ ድርሻውን ተወጥቷል» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ችግሩ ያለው ከሰማይ በታች ነው። ማነው ያን ጣሪያ የጠገነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በእህቴ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ እንቅፋት ፈጥሬ እንደነበር ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

«አምና ነው የጠገንኩት» አልኩ። «እሷው ናት ያስጠገነችኝ።»

«በሰነዱ ላይ ጠገነ የሚል አለ?»

የለም። እህቴ ስታኮርፍ ትጽፋለች፤ ስትታረቅ አትጽፍም።

«እንግዲያው» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ «ዕቅዱ ያፈሳል ይላል፤ ጣሪያው አያፈስም። ከሁለቱ አንዱ መታረም አለበት። ዕቅዱ ደግሞ ጸድቋል።»

ስለዚህ ጣሪያው እንዲቀደድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

እኔ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ። ሥራ ሲታዘዝ ልክ እጠይቃለሁ። «ቀዳዳው ምን ያህል ይሁን?» አልኩ።

ተያዩ። አመላካች የቀዳዳ ልክ አልተማረም። «ባለሙያው አንተ አይደለህ?» አሉ ሊቀ መንበሩ ትንሽ ቆጣ ብለው። «ስፋቱ በባለሙያ ይወሰን።»

«በጽሑፍ ይሰጠኝ።»

«ይያዝልኝ» አሉ ወይዘሮ ይያዝልኝ፤ በሕይወቴ ይህችን ቃል እንደዚያ ቀን ወድጃት አላውቅም። ወረቀቱ ተጻፈ፣ ማኅተም አረፈበት። እንዲህ ይላል፦ «አናጢው ወንድማችን ለተግባሩ መሳካት በቂ ነው ብሎ የሚያምንበትን ቀዳዳ በዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ እንዲከፍት ተወስኗል።»

ቅዳሜ ዕለት ኮሚቴው አዳራሽ ውስጥ የዘጠኝ ወር አፈጻጸም ይገመግም ነበር። ልጆቹ ውጭ ይጠብቁ ተብለዋል። መሰላሌን አቆምኩ። የአሮጌው ብስክሌት መሪ ስፋቱ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ቆርቆሮ ሰማንያ። አንድ ሙሉ ቆርቆሮ ለተግባሩ መሳካት በቂ ነው ብዬ አመንኩ። ስነቅለው የራሴው ሚስማሮች ነበሩ፤ አምና ተናድጄ ስለመታኋቸው ለመውጣት ብዙ አስቸገሩኝ። ከታች ሃያ ሦስት ፊት አንጋጦ ያየኛል።

«ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?» አለች አንዷ።

«ዕቅድ።»

ችኩሊት ነገሩ የገባት ከሁሉም ቀድሞ ነው። የመሰላሉን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ገመድ ወገቧ ላይ አሰርኩላት። ቀዳዳው አፍ ላይ ተቀምጣ ወደ ጨለማው አየች።

«ብወድቅስ?»

«ባልዲው ላይ ውደቂ። እሱ ዕቅድ ውስጥ አለ።»

ወረደች። ብስክሌቱን በገመድ አሰረች። ሃያ ሁለቱ ከታች ጎተቱ፤ እኔ ከላይ እጄ እስኪላጥ አቃናሁ። መሪው ቆርቆሮውን ሲመታ እንደ ነጎድጓድ ጮኸ። ከግድግዳው ወዲያ የሊቀ መንበሩ ድምፅ ቆመ። ሁላችንም ደነገጥን፤ ብስክሌቱ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«አትደንግጡ» ሲሉ ሰማናቸው። «ይህ የምትሰሙት ድምፅ የዕቅድ ድምፅ ነው።»

አመላካች አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ ብስክሌቱን አወጣነው፤ ችኩሊትም በገመዱ ተከተለች።

ጎማውን ነፋን። ከአዳራሹ ጎን ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ እህቴም ሁሉንም ያስተማረችው እዚያው ነው። ችኩሊት ብስክሌቱ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። እኔ መቀመጫውን ከኋላ ያዝኩ። የምይዝበት ቦታ ላይ ቆዳው ተልጧል፤ የእህቴ ጣቶች ልክ ነው። ከዚያ ሮጥን። እኔ ከልጅነቴ ወዲህ ሮጬ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይዘውኛል?»

«ይዤሻለሁ!»

«ይዘውኛል?»

እጄ ለቀቀ። ስልቱን አውቀዋለሁ፤ ሃያ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አሁን አፌ መዋሸት ነበረበት። አፌ ግን እምቢ አለኝ። መሐል መንገድ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ልጅቷ ስትወላገድ ይታየኛል፤ ቃሉ አልወጣ አለ።

ከኋላዬ ሃያ ሁለት ድምፅ በአንድ ላይ «ይዘንሻል!» አለ።

ችኩሊት እስከ መንገዱ ጫፍ ነዳች። እዚያ ዞር አለችና ማንም እንዳልያዛት አየች። ጩኸቷ ገበያው ድረስ ተሰማ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ፤ ባልዲው በግማሽ ሰዓት ሞላ። አመላካች በማግስቱ ከመሰላል ላይ በቀዳዳው ለክቶ መቶ በመቶ ጻፈ፤ ከዕቅድ በላይ እንዳይሆንበት የፈሰሰውን አልቆጠረም።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ብስክሌቱ ጠዋት በጣሪያ ይወጣል፣ ሲመሽ በጣሪያ ይገባል። ሦስቱ ጓጉንቸሮች በታማኝነት ተቆልፈው ቆሙ። ችኩሊት የመጨረሻው ወር ሲገባ አሥራ አምስት ሞላት፤ የምስጋና ወረቀቷን ተቀበለች። ወረቀቱ «በክበቡ እንቅስቃሴዎች ላይ በመቀመጥ ላሳየችው ትጋት» ይላል።

የመጨረሻው ቅዳሜ መጣ። ተግባር 4.9፤ ችኩሊት፣ ብቻዋን፣ በሌለችበት። ኮሚቴው ሙሉ ልብስ ለብሶ ዕቃ ቤቱ ፊት ተሰለፈ። ሊቀ መንበሩ ከፈቱ፤ ወይዘሮ ይያዝልኝ ከፈቱ፤ አመላካች ከፈተ። በሩ ተገፋ። ውስጡ ሰማይ ይታያል። ወለሉ ላይ ጢም ያለ ባልዲ አለ። ብስክሌት የለም።

«ብስክሌቱ የታለ?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

ጣቴን ወደ መንገዱ ቀሰርኩ። ችኩሊት እየመጣች ነበር፤ ብቻዋን፣ እጇን እንኳ ከመሪው ላይ ለቃ። ወረቀቷን ጥርሷ ውስጥ ነክሳዋለች። አጠገባችን ስትደርስ ፍሬን ያዘች።

«በየት ወጣ?» አሉኝ ሊቀ መንበሩ በሹክሹክታ።

ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ጣሪያውን አዩ። ባልዲውን አዩ። እሳቸው ጣቢያ ድንገት በሰዓቱ የደረሰ ባቡር ያዩ ይመስል ላብ አላባቸው። ልታሰር ይሆን ብዬ ሳስብ አመላካች ላፕቶፑን ከፈተ።

«ብስክሌቱ ተንቀሳቅሷል?»

«ተንቀሳቅሷል» አልኩ።

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«አባል ናት?»

«ተሰናብታለች።»

«እንግዲያው በሌለችበት ነው። መቶ በመቶ!»

ሊቀ መንበሩ ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ ደረታቸው እንደገና ተነፋ። የችኩሊትን እጅ ጨበጡ፤ ከዚያ የእኔን፤ ከዚያ የራሳቸውን የእህት ልጅ። ስለ ዕቅድ ኃይል አርባ ደቂቃ ተናገሩ። «ይያዝልኝ» ሦስት ጊዜ ተባለ።

የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ብዙ አላስቸገረም፤ አምና የተሠራው በሙሉ ዘንድሮም እንዲሠራ በአንድ ስብሰባ ጸደቀ። ጓጉንቸሮቹ ወለቁ፤ የዕቃ ቤቱ በር አሁን ጠዋት ተከፍቶ ማታ ይዘጋል። ዕቅዱ ግን «ብስክሌቱ በጣሪያ ይወጣል» ስለሚል ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በተከፈተው በር ገብተው ብስክሌቱን በገመድ ያስሩና በጣሪያ ያወጡታል። ሊቀ መንበሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከታች ይቆማሉ። ብስክሌቱ አናታቸው ላይ ሲወዛወዝ «አይዟችሁ፣ ይዘነዋል! ይዘነዋል!» ይላሉ።

ጣሪያው ያፈሳል። ልመታው መሰላል ይዤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ከዕቅድ ውጭ ነህ ተብዬ ተመልሻለሁ። እህቴ ብትኖር እሁድ ሳጥን ውስጥ ምን እንደምትጽፍልኝ አውቀዋለሁ። እሱም ዘንድሮ እንደገና ጸድቋል፤ ተግባር 3.4፣ «ከወንድሜ ጋር አልነጋገርም»። ከኮሚቴው ሁሉ በፊት ጀምራ፣ አንድ ቀን ሳታጓድል፣ መቶ በመቶ የፈጸመችው እሷ ብቻ ናት።